ዕቃ ያዡ ወደ ጋራ ሲወጣ

ቀራንዮ አካባቢ መጥታችሁ የአቶ ደምሴ ቤት የት ነው ብትሉ «የቱ ደምሴ?» ትባላላችሁ። «አዳኙ» ካላችሁ ግን እስከ በሩ ድረስ ይሸኟችኋል። አባቴ ናቸው። ወጣትነታቸውንም ጉልምስናቸውንም የጨረሱት ደጋ አጋዘን ለማደን ከውጭ አገር የሚመጡ ሰዎችን በሚያስተናግድ የአደን ካምፕ ውስጥ ነው። ደጋ አጋዘን በእኛ አገር ጋራዎች ላይ ብቻ የሚገኝ፣ ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ወንዱ ጎረምሳ በሬ የሚያህል አውሬ ነው። እድር ድንኳን ውስጥ ወሬ ሲቀዘቅዝ «እስቲ አዳኙ፣ አንድ ነገር ጣል ያድርጉልን» ይባላሉ። አባባም ጉሙን፣ ውርጩን፣ ገደሉን፣ ፈረንጁ ስንት ቀን አድብቶ የሳተውን ይተርካሉ። ለቀስተኛው ሐዘኑን እስኪረሳ ያዳምጣቸዋል።

ያልተረኩት አንድ ነገር ነበር። እሱን የነገሩኝ ባለፈው ክረምት ጉልበታቸውን ከታዩ በኋላ ነው። ቤቴል ካለው ክሊኒክ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ፣ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ዳገት ይቅርብዎ» ያላቸውን ለራሳቸው ሲደጋግሙ ቆዩና «ሙሉ፣ እኔ እኮ አጋዘኑን በሕይወት ቆሞ አይቼው አላውቅም» አሉኝ።

የካምፑ ዕቃ ያዥ ነበሩ። ድንኳኑ፣ ገመዱ፣ ጫማው፣ ብርድ ልብሱ፣ ስንቁ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። ፈረንጁ አዳኝና መንገድ መሪዎቹ ማለዳ ወደ ጋራው ሲወጡ እሳቸው ታች ይቀራሉ። ከጋራው የሚወርድላቸው ቀንድና በጨው የታሸ ቆዳ ነው። እድር ላይ የሚያወሩትም መሪዎቹ ማታ እሳት ዳር ሲያወሩ የሰሙትን ነው።

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለምን አብረው አልወጡም?» አልኳቸው።

«ዕቃው ለማን ይተዋል?» አሉ። «አሁን ደግሞ ይኸው ዳገት ተከለከልኩ።»

 ታክሲ ውስጥ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሄድኩ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለሌላው መንገድ ሲያሰናዳ ኖሮ የመንገዱን ጫፍ ሳያይ ይቀራል? ጉልበታቸው ከዚህም ሊብስ ይችላል። ሐኪሙ ዳገት አይውጡ አለ እንጂ ፈረስ አይውጣ አላለም ብዬ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አርሲ ልወስዳቸው ወሰንኩ። እዚያ የካምፑ መንገድ መሪ የነበሩ፣ ለበዓል ለበዓል የሚደዋወሉ ጋሽ ከድር የሚባሉ ወዳጅ አሏቸው። ስንደውልላቸው «ፈረሱም ቤቱም የእናንተ ነው» አሉ። ጠመንጃ አያስፈልገንም፤ የምንሄደው ለማየት ብቻ ነው። ጠመንጃውን ትተን ግን አዳኝ የሚይዘውን ሌላውን ሁሉ ካልያዝን ንቅንቅ እንደማይሉ አባባ አስታወቁ።

ዝግጅት

እኔ አጠና ተራ አጠገብ የሰልባጅ ልብስና ጫማ እሸጣለሁ። ስለዚህ የዕቃው ነገር ቀላል መስሎኝ ነበር። ከአዲሱ ቦንዳ ምርጥ ምርጡን አውጥቼ ሱቄ ውስጥ ደረደርኩላቸው። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ ዳኛ አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጃኬት ነዋ አባባ፣ ከቦንዳው አንደኛው።»

«ቀይ ለብሼ ላይ ነው የምሄደው ወይስ ልታይ?»

ቀዩ ተመለሰ። ጥቁር አረንጓዴ አመጣሁ። እሱን ደግሞ ጆሯቸው አጠገብ አድርገው በጣታቸው አሹት። «ይጮሃል» ብለው ወረወሩት። ለካ ላይሎን ጨርቅ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማውን ድምፅ አጋዘን ከሩቅ ይሰማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ ጃኬት ሲያነሳ ሳላስበው ጆሮዬን አቀና ነበር።

ጫማው ከሁሉም በላይ አስቸገረን። ሶሉን ያጥፋሉ፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ይጭራሉ፣ ውስጡን ውሃ ሞልተው ካርቶን ላይ ያሳድሩታል። ጠዋት ካርቶኑ ከረጠበ ጫማው ወድቋል። ሲያልፍም ሻማ ቀብተው እሳት ዳር ያሞቁታል። አዲስ ጫማ ይዞ ጋራ መውጣት እብደት ነው ስለሚሉ የተመረጠላቸውን ወፍራም ቦት ጫማ እንዲላመዳቸው ቤት ውስጥ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር አድርገው ሄዱ። የቀራንዮ መድኃኔዓለም ምእመናን አቶ ደምሴ ወታደር ቤት ገቡ እንዴ ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም።

ወጪ ለመቀነስ ብዬ ገበሬዎች የሚያደርጉትን የፕላስቲክ ቦቲ ባነሳባቸው ተቆጡ።

«ቦቲ ላም ለማለብ ነው። እኔ ባለሁበት ካምፕ ቦቲ አድርጎ ወደ ጋራ የወጣ የለም።»

ካልሲም ትምህርት አለው። ከሥር ስስ፣ ከላይ ወፍራም የበግ ፀጉር። የጥጥ ካልሲ ፈጽሞ አይሆንም። «ጥጥ መጀመሪያ ላብሽን ይጠጣል» አሉኝ፣ «ከዚያ ይበርድና አንቺን ይጠጣሻል።» ሻንጣው ከተሞላ በኋላ ያንቀጠቅጡታል። የሚንኳኳ ነገር ካለ ሁሉም ወጥቶ እንደገና ይታሰራል፤ ኩባያው ካልሲ ውስጥ፣ ማንኪያው ፎጣ ውስጥ ይገባል። ከሁሉም በላይ የሚሳሱላት ጡረታ ሲወጡ የተሰጠቻቸው አቅራቢ መነጽር ነበረች። ስንት ዓመት በቆዳ ማኅደሯ ተቀምጣ ስትወለወል ኖራለች። አጋዘን ግን አይተውባት አያውቁም።

የሽታ ነገር ላይ ቀልድ የለም። «አጋዘን ዐይኑ ደህና ነው፤ ጆሮው ከዐይኑ ይበልጣል፤ አፍንጫው ከሁለቱም ይበልጣል» ብለው ሽታ ያለው ሳሙና፣ ሎሽን፣ ሽቶ ከለከሉ። ልብሱን ሁሉ በባዶ ውሃ አጥቤ አሰጣሁት። እሳቸው ራሳቸው ከዚያ ዓለምን ካስጨነቀ ወረርሽኝ ወዲህ ማሽተት አቁመዋል፤ ስለዚህ እየደጋገሙ «እስቲ አሽቺው» ይሉኛል፣ እኔም አሸታለሁ፣ ምንም የለውም እላለሁ።

እማዬ ይህን ሁሉ ከሩቅ ነበር የምታየው። ጉራጌ ናት፤ ለመንገድ የሚሆን ቆጮና ቋንጣ ስታሰናዳ ማንም አይወዳደራትም። ሰልባጅን ግን ልጆቼን ያሳደግኩበት ቢሆንም እስከዛሬ አላመነችበትም። «ከማን ሬሳ ላይ እንደወለቀ በምን ታውቂያለሽ?» ትለኛለች። በዋዜማው ምሽት ደክሞን ስንቀመጥ «እናንተ እረፉ፣ ዕቃውን እኔ አጣጥፌ እከታለሁ» ስትለን አመስግነናት ተኛን።

ቅዳሜ

በጠዋት ተነሳን። ከሰፈራችን ቃሊቲ መናኸሪያ ለመድረስ ታክሲ መለዋወጥ አለ፣ የአባባ ሻንጣ ደግሞ የአንድ ሰው ቦታ ይዛለች። ረዳቱ ሻንጣዋንም አባባንም አየና «ፋዘር፣ ቤት እየቀየሩ ነው?» አለ። አባባ «አዎ፣ ለሳምንት» አሉት።

የአሰላው አውቶቡስ ላይ አንድ የማይታመን ነገር አየሁ። በእኛ አገር አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ከፍቶ መሄድ ሰው እንደመግደል ነው፤ ንፋስ መታኝ፣ ምች መታኝ ይባላል። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ግን ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ነጠላዋንም አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ከኋላችን ያሉትም ከፈቱ። ማንም አልተቆጣም። የአሰላ ሰው እንዴት ሰልጥኗል ብዬ አደነቅኩ።

አዳማን አልፈን አዋሽን ከተሻገርን በኋላ መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ደራንና ኢተያን ስናልፍ ስንዴው ታጭዶ ሜዳው ገለባ ብቻ ነው፤ በእኛ ሰፈር የማይታይ ስፋት ነው። አስኮ ድረስ ዐይኔ ግድግዳ ሳይነካ የተጓዘበትን ቀን አላስታውስም። አባባ በየታጠፈው የመንገዱን ታሪክ ይነግሩኛል፤ እዚህ ጋር ጎማ ፈንድቶ ነበር፣ እዚያ ጋር በቅሎ ጠፍታ ነበር።

አሰላ ያደርንበት ቤርጎ ባለቤት ደግ ሴት ናቸው። «ሙቅ ውሃ አለ» ብለውን ስንገባ ቧንቧው ፉጨት ብቻ አሰማ። በኋላ ራሳቸው በትልቅ ድስት አሙቀው ይዘው መጡ፤ አልዋሹም፣ አለ። መጀመሪያ መግቢያው አጠገብ ያለውን ክፍል ከፍተውልን ነበር። ዕቃችንን እንዳስገባን ትንሽ አሰብ አድርገው «የኮሪደሩ ጫፍ ያለው ይሻላችኋል፣ አየር ያገኛል» ብለው አዛወሩን። ተጨማሪ ብርድ ልብስም ሰጡን። እንዲህ ለእንግዳ የሚያስብ ቤርጎ አዲስ አበባ ውስጥ ገጥሞኝ አያውቅም።

እሁድ

አስቀድሰን ወደ በቆጂ ሄድን። ኮልፌ ብርዳም ናት ስንል የኖርነው በቆጂን ሳናይ ነው። የሯጮች አገር ናት፤ መንገድ ዳር እኔ ጋቢዬን ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ ስንቀጠቀጥ ሴት ልጆች በቁምጣ ሽው ብለው አለፉኝ። ዞረው እንኳ አላዩኝም።

ጋሽ ከድር ከከተማው ዳር ፈረስ ይዘው ጠበቁን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። አባባን አቅፈው ብዙ ጊዜ ሳሟቸው፤ ሁለቱም ዐይናቸው ረጠበ። ከዚያ ጋሽ ከድር ፊታቸውን ድንገት ወደ ፈረሱ አዞሩና አስነጠሱ። ፈረሱም አባባ ሲጠጉት ጆሮውን ወደኋላ አጥፎ አፈገፈገ።

«ምን ሆነ?» አሉ አባባ።

«ከተሜ አይቶ ስለማያውቅ ነው ጋሼ» አሉ ጋሽ ከድር።

ቤታቸው ከጋራው ሥር ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ የገብስ ጭኮ በቅቤ አቀረቡልን፤ በላዩ ወተት። እኛ ቤት ወተት ማለት ከፌስታል የሚቀዳ ነገር ስለሆነ የመጀመሪያውን ኩባያ ሳልተነፍስ ጠጣሁት። ጋሽ ከድር ሙስሊም በመሆናቸው፣ እኛ ክርስቲያኖች እሳቸው ያረዱትን እንደማንበላ ያውቃሉ። ስለዚህ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ከነቢላዋው አምጥተው «በእጅዎ ባርከው ይረዱ» ብለው ለአባባ ሰጧቸው።

እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። ቤታችን ዶሮ የሚያርደው አጎቴ ነው። «አዳኙ» ዶሮውን በአንድ እጃቸው፣ ቢላዋውን በሌላው ይዘው ቆሙ። ዶሮው አባባን አጠናቸው መሰለኝ፣ ክንፉን አራገበና አመለጠ። በጓሮ፣ በበረት፣ በገለባው ክምር ላይ አባረርነው። ወይዘሮ ፋጡማ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከሁላችንም ይሮጣሉ፤ በቆጂ በቆጂ ናት። በመጨረሻ ጣራ ላይ ወጥቶ ጋሽ ከድር በረጅም ዱላ አወረዱት። አባባ በስመ አብ ብለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ባረኩት። በዚህ ጉዞ ያደንነው አውሬ እሱ ብቻ ነው።

ሰኞ

ንጋት ላይ ወጣን። አባባ በፈረሱ፣ ፈረሱ አሁንም እያኮረፈ፤ እኔና ጋሽ ከድር በእግር። ከእርሻው በላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይጀምራል፣ ከዚያም በላይ ጅባራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻውን ቆሟል። የእኛ ሰፈር ዳገት ሲያልቅ ሱቅ አለ፣ ቁጭ ብለሽ ለስላሳ ትጠጫለሽ። የዚህ ዳገት ጫፉ ሌላ ዳገት ነው።

ስለ ዕቃው ግን እውነቱን ልናገር፣ አባባ ትክክል ነበሩ። ጫማዬ ውሃ አላስገባም፣ ካልሲዬ አልበረደም፣ ሻንጣው ኮሽ አላለም። ጋሽ ከድር እንኳ «ጋሼ፣ እጅዎ አልረሳም» አሏቸው። ጋሽ ከድር በትንሽ ከረጢት አመድ ይይዛሉ፤ ቆንጠር አድርገው ይበትኑና ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ያያሉ። ንፋሱ ከአውሬው ወደ ሰው ሲመጣ ጥሩ ነው፤ ከሰው ወደ አውሬው ከሄደ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው።

አንድ ገደል አፋፍ ላይ ተኝተን ጠበቅን። አባባ መነጽሯን ከማኅደሯ አውጥተው ዐይናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ከወዲያኛው ጥሻ እንደ ውሻ ያለ ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ከድር አንገታቸውን ነቀነቁ። «አወቀን። ሴቶቹን ይዞ ሄዷል።» የታየ ነገር የለም፤ ቅጠል ብቻ ተወዛወዘ።

«ድምፁን ሰማሁ እኮ» አሉ አባባ ስንወርድ። እንደ ማጽናኛ አድርገው ነው ያሉት፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም።

ማክሰኞ

በሌላ አቅጣጫ ወጣን። ንፋሱ ጥሩ ነው ተባለ። ትኩስ ዱካ አገኘን፣ ገና የሚጨስ ፋንድያ አገኘን፤ አጋዘኑ ግን ቀድሞን ሄዷል። ጋሽ ከድር ግራ የገባቸው መሰሉ፤ በየጊዜው ወደ እኛ ዞር ይሉና አንድ ነገር ሊናገሩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ መልሰው ይተዉታል። ከሰዓት በኋላ የአባባ ጉልበት አበጠ። ከፈረሱ ሲወርዱ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር።

እራት ላይ አባባ «ነገ ወደ አገራችን እንግባ» አሉ። «ዱካውን አይቻለሁ፣ ድምፁን ሰምቻለሁ። ቀንዱን ደግሞ ድሮም አውቀዋለሁ። ሲገጣጠም ያው ነው።»

ያው አይደለም። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።  ዳግመኛ እዚህ እንደማይመጡ ገባኝ፤ ስንት ነገር ተሸክመን መጥተን ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ፋጡማ ለባላቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ጋሽ ከድር እጃቸውን አወራጭተው ዝም አሰኟቸው። ወይዘሮ ፋጡማ ደገሙት። ጋሽ ከድር መሬት መሬት አዩ። እኔም «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ምንም፣ ምንም» አሉ። ወይዘሮ ፋጡማ ትዕግሥታቸው አለቀና ራሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ ይቅርታ አድርጊልኝ። ልብሳችሁ ይሸታል። ከመንገድ ጀምሮ ይሸታል።»

ጋሽ ከድር ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «እንዴት ለእንግዳ ትሸታላችሁ ይባላል?» አሉ። «ነገ ይለቅ ይሆናል፣ ነገ ይለቅ ይሆናል እያልኩ ነው እንጂ ጋሼ፣ ከእሁድ ጀምሮ አውቄው ነበር።»

ጃኬቴን አፍንጫዬ ላይ አደረግኩ። ምንም አልሸተተኝም፤ የቤታችን ሽታ ብቻ ነው ያለው። ትንሽ ቆይቶ ነው የቤታችን ሽታ ምን እንደሆነ ትዝ ያለኝ። ቀበርቾ ነው። ቀበርቾ ክፉ መንፈስና ክፉ አየር ያባርራል ተብሎ የሚጨስ ሥር ነው፤ እማዬ ሰው ሲታመም፣ ቤት ሲቀየር፣ አራስ ሲገባ ታጨሰዋለች። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚያ ጭስ ውስጥ ስለሆነ ለእኔ ሽታ አይደለም፣ አየር ነው። የአውቶቡሷ ሴት፣ የቤርጎዋ እመቤት፣ ፈረሱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገቡኝ።

ኔትወርክ ፍለጋ ጓሮ ወጥቼ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ዕቃውን አጥነሽዋል?»

«እንዴታ!» አለችኝ። «የስንት ሙት ልብስ ሳላጥን ልስጣችሁ? ካልሲውን ሳይቀር አንድ በአንድ ነው ያጠንኩት። የመነጽሩን ቤት ደግሞ ሁለቴ፣ ቆዳ ይይዛል ብዬ። ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን» ብዬ ዘጋሁ። ምን እላታለሁ? እኛን ለመጠበቅ ብላ አገር ምድሩን አስጠነቀቀችብን።

ገብቼ ስነግራቸው አባባ ትክ ብለው አዩኝ። ካልሲ እየመረጡ፣ ጨርቅ በጆሯቸው እየሰሙ የደከሙት ሁሉ ፊታቸው ላይ ሲመላለስ አየሁት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። ጭኮው ትን እስኪላቸው፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። «አይ የኔ እመቤት» አሉ፣ «በስንት መቶ ሜትር ዙሪያ ሰይጣን አልቀረም ማለት ነው።»

ጋሽ ከድር ከግድግዳው ላይ አሮጌ ካፖርታቸውን አወረዱ። «ነገ አንገባም። ነገ የእኔን ይለብሳሉ» አሉ።

ረቡዕ

በበረዶ ውሃ በአመድ ታጠብን፤ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ባላወራ ይሻላል። እኔ የወይዘሮ ፋጡማን ቀሚስና ብርድ ልብስ ለበስኩ። አባባ የጋሽ ከድርን ካፖርት ደረቡ፤ ጠዋትና ማታ ላም የሚታለብበት ካፖርት ነው፣ በረቱን በሙሉ ይሸታል። ጋራው ላይ የከብት ሽታ እንግዳ ስላልሆነ አጋዘን አይደነግጥበትም። ጫማቸውም ቀረ። በምትኩ ጋሽ ከድር አረንጓዴ ቦቲ አቀረቡላቸው። አባባ ቦቲውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። አደረጉት።

በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ወደኋላ ዞረው ሻንጣዋን፣ ጫማውን፣ መነጽሯን፣ ጥግ ላይ የተከመረውን ሁሉ አዩ።

«ዕቃውን ማን ይጠብቃል?» አሉ።

«እኔ አለሁ» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ሻንጣዋን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት። «እርስዎ ይሂዱ።»

 አባባ እየደገፍኳቸው እስከ ፈረሱ ድረስ ጎንበስ ብለው ሄዱ። ፈረሱ በዚያ ቀን ጆሮውን አላጠፈም።

የወጣንበትን አልተርክም፤ ዳገት ዳገት ነው። አንድ አለት ጥግ ደርሰን ተቀመጥን። ጋሽ ከድር አመዳቸውን በተኑ፣ አመዱ ወደ ፊታችን መጣ። ጉሙ ሲገለጥ መጀመሪያ ያየሁት ጆሮ ነው። ቀጥሎ ሌላ ጆሮ። ሴቶቹ ናቸው፣ ቀንድ የላቸውም፤ አስታውን እየቀነጠቡ ከጥሻው ወጡ። ከኋላቸው እሱ መጣ።

ከቀራንዮ አደባባይ ማዶ ያለ ሰው እንደሚታይ ያህል ቅርብ ነበር። ግራጫ፣ አንገቱ ሥር ነጭ ምልክት ያለው፣ ጎኑ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ጣል ጣል የተደረገበት። ቀንዱን ወደኋላ አድርጎ ቅጠሉን አኘከ፤ ከአፍንጫው እንፋሎት ይወጣል። ወደ እኛ በኩል አየ። ትንፋሼን ያዝኩ። ለእሱ የታየው ላም የሚያልብ ሰው ብቻ ይመስለኛል፤ መልሶ አጎነበሰና በላ። አባባ በባዶ ዐይናቸው ነው ያዩት። እጃቸውን ያዝኩ፣ እሳቸው ግን መያዜን አላወቁም።

ብዙ ቆየ። ከዚያ በገዛ ፈቃዱ፣ ማንም ሳያባርረው፣ ቀስ እያለ ቁልቁል ወረደና ጠፋ።

«ሙሉ» አሉኝ አባባ በሹክሹክታ። «ምንም አልያዘም እኮ።»

«ምን አሉ አባባ?»

«ጫማ የለው፣ ብርድ ልብስ የለው። እኛ በስንት በቅሎ ጭነት የምንወጣውን።» የጋሽ ከድርን ካፖርት እጅጌ ዐይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ጋሽ ከድር ፈረሱን ልየው ብለው ጥለውን ሄዱ። ፈረሱ ምንም አልሆነም ነበር።

ሐሙስና ከዚያ ወዲህ

ስንመለስ ሻንጣችን ባዶ ነበረች። አባባ ቦት ጫማውንም፣ ጃኬቱንም፣ ገመዱንም ለጋሽ ከድር ተዉላቸው። «ውጭ ስቀለው፣ አንድ ክረምት ከዘነበበት ይለቀዋል» አሏቸው። ጋሽ ከድር ካፖርቱን አልቀበልም ብለው አለበሷቸው። ወይዘሮ ፋጡማ ለእማዬ ቅቤ በቅል ላኩላት፤ ስለ ሽታው እንዳንነግራት አደራ ብለውናል። አውቶቡስ ውስጥ በዚህ ጊዜ ደግሞ በረት በረት ሸተትን፣ ግን ማንም መስኮት አልከፈተም። ግማሹ ተሳፋሪ እንደ እኛው ነበር።

እሁድ የእድር ስብሰባ ነበር። አባባ ካፖርቱን ለብሰው ሄዱ። ወሬው ሲቀዘቅዝ እንደ ልማዱ አንዱ «እስቲ አዳኙ» አለ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አዳኝ አልነበርኩም» አሉ። «ዕቃ ያዥ ነበርኩ። እስከ ዛሬ የነገርኳችሁ የሰማሁትን ነው። ያየሁት ባለፈው ረቡዕ ነው።»

 እኔ ሳህን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የእድሩ ዳኛ፣ እድሜያቸው ከአባባ የሚበልጥ አዛውንት፣ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ታዲያ እሱን ንገረና» አሉ። አባባም ነገሯቸው። ጥይት የለበትም፣ ገደል የለበትም። አጋዘን መጣ፣ ቅጠል በላ፣ ሄደ። እንደዚያ ጸጥ ብለው ሲያዳምጧቸው አይቼ አላውቅም።

ቤት ስንገባ እማዬ ከሰል አቀጣጥላ፣ ማጨሻውን ይዛ ትጠብቀን ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ካፖርት ቤቴን በረት አደረገው። አምጣው ልጠነው» ብላ እጇን ዘረጋች።

አባባ ካፖርቱን አውልቀው ደረታቸው ላይ አቀፉት። «አይታጠንም።»

«ላንተ ምንህ ነው? የሆነ ነገር ከሸተተህ ስንት ዓመትህ!»

«ለእኔ አይደለም» አሉ አባባ። «አጋዘኑ ይሸተዋል።»

እማዬ ማጨሻውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። እኔም ስልኬን አወጣሁና ፈረሱ ለመጪው ጥር ይያዝልን ልላቸው ለጋሽ ከድር ደወልኩ።